የተሰበረ መኪና፣ አዲስ ወንበር

የዚያን ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንዳኮረፈ ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፤ የሱቆቹን ሸራ ገለባበጠ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ አንገጫገጨ። ከዚያ በረዶው ወረደ። ሽምብራ ያክል የነበረው ባቄላ አከለ፤ ባቄላ ያክል የነበረው የሕፃን ጡጫ ሊያክል ምንም አልቀረው። መንገዱ ባንድ ጊዜ ነጭ ሆነ፤ ቦዩ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ በየበረንዳው ተጠጋግቶ ሰማዩን ይሳደብ ነበር።

መርፌ ከምትሠራበት ሱቅ ደጃፍ ቆማለች። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ጋራዦቹ ሰፈር ግን መርፌ ካሏት ሃያ ዓመት አልፎታል። የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ አንደበቷም ስለሚወጋ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ደብተሯን ዘግታ፣ ጋሼ እያለች ከምትጠራው ሽማግሌ ወንበር ሰፊ ዘንድ ክር በመጠቅለል ጀመረች፤ ቀስ በቀስ መቁረጥ፣ ስፖንጅ መሙላት፣ መስፋት ተማረች። የመኪና በር ከፍታ ወንበሩን አንዴ ዳሰስ ካደረገች፣ ባለቤቱ በየትኛው ጎኑ እንደሚያጋድልና ሲጋራ ትቻለሁ ያለው እውነቱን መሆን አለመሆኑን ትናገራለች። ብዙ ጊዜ አትሳሳትም።

ሰማያዊዋ የቤታቸው ታክሲ መጥታ ጥሩምባዋን ሁለት ጊዜ አሰማች። መሪው ላይ ያለው ባሏ ነው። ና ውሰደኝ አላለችውም፤ ልትለውም አትችልም፤ ሁለቱ ቃል ከተለዋወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የላከችው ልጃቸው ናት። ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ደውላ፣ «አባዬ፣ እማ በዚህ በረዶ በእግሯ ልትመጣ ነው፤ ሂድና አምጣት» ብላው ነው።

የኩርፊያው ምክንያት እዚያችው መኪና ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ከሦስት ዓመት በፊት መርፌ እናቷን ልታስታምም ሄዳ ከሁለት ወር በኋላ ስትመለስ፣ በገዛ ላቧ የገዛቻት የቆዳ ስፌት ማሽን የለችም። ማሽኗ በነበረችበት ቦታ ወለሉ ላይ አራት የእግር ምልክት ብቻ ቀርቷል። ባሏ ሸጧት፣ በዋጋዋ ለመኪናዋ ሌላ ሞተር አስገብቶባታል።

«መኪናዋ ካልሠራች ምን እንበላለን?» አላት።

«ማሽኗ ስትሠራ ምን ስንበላ ነበር?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። አንድ ቤት ያድራሉ፤ በአንድ ጠረጴዛ ይበላሉ። ልጅቷ ቤት ስትኖር በእሷ በኩል ይላላካሉ፤ ሳትኖር ለዕቃው ይናገራሉ። «ጨው አልቋል» ትላለች መርፌ ለመደርደሪያው። «ቁልፉ በሩ ላይ ቀርቷል» ይላል ባሏ ለሬዲዮኑ። ማሽኗ ከሄደች በኋላ የጋሼ ሱቅ ውስጥ በጋሼ ማሽን፣ በቀን ሒሳብ ተቀጥራ ትሠራለች።

ቤት ወስዳ የምትቆርጠውን ጥቅል ስፖንጅ የኋላው ወንበር ላይ ወረወረችው፤ ወንበሩን ሞላው፤ እሷ ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጠች። ሌላ ቦታ ቢኖር እዚያ ባልተቀመጠች። የመስታወቱ መጥረጊያ በእሱ በኩል ያለው ከተሰበረ ሳምንት ሆኖታል፤ በእሷ በኩል ያለው ብቻ ጓ ጓ እያለ ይጠርጋል። መሪው በእሱ እጅ ነው፤ መንገዱ የሚታየው ግን ለእሷ ነው። ሌላ ባልና ሚስት ቢሆኑ ወደ ግራ ያዝ፣ ቀስ በል እየተባባሉ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ባሏ አንገቱን ወደ እሷ በኩል አስግጎ ሊያይ ይሞክራል፤ ትከሻው ትከሻዋን ሊነካ ሲል ይመለሳል።

ሁልጊዜ የሚመላለስበት የላይኛው መንገድ በጎርፍ ስለተዘጋ በታችኛው ዞረ። እዚያ፣ ወደ ሰፈራቸው በምታስገባው ጠባብ መንገድ ጥግ ላይ፣ ከባድ መኪና እንዳይገባ ተብሎ በዚያው ሳምንት የብረት ምሰሶ ተተክሏል። እሱ አያውቀውም። እሷ በእግሯ ስለምትመላለስ በየቀኑ ታልፈዋለች።

አየችው። ቢጫ ቀለሙን አየች፤ አናቱ ላይ የተከመረውን በረዶ አየች። አምስት እርምጃ ሲቀረው አየችው፤ ሦስት ሲቀረውም አየችው። አፏን ከፈተች። ግን ምን ብላ ትጀምር? «አንተ» ትበለው? «ስማ» ትበለው? ወይስ እንደ ድሮው አቆላምጣ ትጥራው? ይህን ስታወጣና ስታወርድ መኪናዋ በእሷው በኩል ሄዳ ምሰሶው ላይ ተላተመች።

የቀኙ መብራት ረገፈ። ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎ የሚሉት፣ እንደ ወረቀት ተጨማደደ። ኮፈኑ ጠመመ፤ የእሷ በር አልከፈት አለ። ሰው ግን አልተነካም፤ ጣቷ እንኳን አልተጫረም። መውጫዋ በእሱ በኩል ብቻ ስለሆነ እስኪወርድላት መጠበቅ ነበረባት። አልወረደም። እጁ መሪው ላይ እንዳለ ዞሮ ፊቷን አየ፤ ቆይቶ፣ ቆይቶ አየ። ከዚያ ወረደና በሩን በረዶው ላይ ክፍት ትቶላት ወደ ቤት ሄደ።

ማታ ለልጁ፣ «እናትሽ አይታዋለች» አለ። «አይታ ነው ዝም ያለችው!»

መርፌ ከእሱ ሁለት ክንድ ርቃ ሽንኩርት ትልጣለች። «ለአባትሽ ንገሪው፤ መሪውን የያዘው ማን ነበር በይው።»

«ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ! አንድ ጭረት አስነክቼ አላውቅም! አይተሻል ወይ ብለሽ ጠይቂያት!»

«ሽንኩርቱ ዐይኔን እያቃጠለኝ ስለሆነ አሁን ምንም አይታየኝም በይው።»

«እኔ ፖስታ ቤት ነኝ?» አለች ልጅቷ፤ ሳህኗን ይዛ ወጥታ ደጅ በላች።

መብራት የሌላትና የጠመመች ታክሲ ማን ይሳፈርባታል? ባሏ አንድ ሳምንት ሞክሮ ተወው። የአንድ ድርጅት የሠራተኛ ማመላለሻ እንዲነዳ ጥሪ ስለነበረው እሱን ተቀበለ። መኪናዋ ትሸጥ በሚለው ሁለቱም ተስማሙ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ይኸው ነው። ልጅቷ መሐላቸው ተቀምጣ ፈረደች፦ ዋጋው ለሁለት ይካፈላል፤ ግማሹ የእማ ነው፣ ሞተሩ የእሷ ማሽን ነበርና። ከዚያ እማ በራሷ፣ አባዬም በራሱ።

ጋሼም በዚያው ሳምንት መርፌን ጠርቶ ዐይኔ አልታዘዝ ብሎኛል አላት። «ሱቁን በወሩ መጨረሻ ለባለቤቱ አስረክባለሁ። ማሽኑን ለአንቺ ብዬ አቆያለሁ፤ እስከዚያ ድረስ። ከዚያ ወዲያ ግን የት አስቀምጠዋለሁ ልጄ? ለመጣው ገዢ እሰጠዋለሁ።»

ስለዚህ ነገሩ ለመርፌ እንዲህ ነበር፦ መኪናዋ በወሩ ውስጥ ከተሸጠች ማሽን አላት፤ ከዚያ ቤት ትወጣለች። ካልተሸጠች ሥራም የለ፣ ማሽንም የለ፤ ከመደርደሪያው ጋር እየተነጋገሩ መኖር ነው።

ባሏ ግን ተጠግና ካልሆነ አትሸጥም አለ። የባለቤትነት ደብተሯ፣ ሊብሬው፣ በእሱ ስም ነው፤ እሱ ካልፈረመ ነገሩ የለም።

«ቆርቆሮው ይቃና፣ መብራቱ ይግባ፣ ቀለም ትቀባ፤ ያኔ ትሸጥ» አለ ለልጁ። «እንዲህ ተጨማዳ ትሂድና የመንገዱ ሰው ሁሉ የማን ናት ሲል፣ የእሱ ናት፣ በስተርጅናው ምሰሶ ላይ ወጣ እንዲለኝ ነው?»

«ለአባትሽ ንገሪው» አለች መርፌ፤ «እዚያ ማዶ መዶሻ ዘንድ የገባ መኪና ሣር ሳይበቅልበት አይወጣም በይው። ደግሞ አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ከስሩ ያለውን ይፈራል። የተሰበረ ያየ ግን የተሰበረውን ነው የሚያየው፤ ያን ያህል ቀንሱ ይላል፣ ያልቃል።»

«ከመቼ ወዲህ ነው መኪና ሻጭ የሆነችው?»

«ማሽን ሻጩ ማን እንደሆነ ካወቅሁ ወዲህ በይው።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። «በቃ! እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳለች ትሸጥ። ካልተሸጠች መዶሻ ግቢ ትገባለች። አባዬ፣ ሰማህ? እማ፣ ሰማሽ? እኔ ከዚህ በኋላ አንድ ቃል አላመላልስም፤ ጉሮሮዬ ደርቋል።»

መዶሻ የሚሉት ከቤታቸው ትይዩ ግቢ ያለው ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ ምላሱ ግን ለማንም አይተኛም። ግቢው ውስጥ የተኮለኮሉት መኪናዎች ባለቤቶች በሳምንት ሁለቴ እየመጡ ይጮኹበታል፤ እሱ ነገ ይላቸዋል። መኪናዋ የቆመችው በሩ ፊት ለፊት ነው፤ መርፌ «የሚሸጥ» የሚል ካርቶን ስትለጥፍባት አያትና መጣ። ፓራፋንጎውን እንደ ሐኪም መታ መታ አደረገው።

«አስገቢልኝ እትዬ መርፌ። አቃንቼ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቼ፣ ቀለም ረጭቼ እንደ ተወለደች አደርግልሻለሁ። ሁለት ሳምንት።»

«የትኛው ሁለት ሳምንት? ያ ነጩ መኪና ከገባ ሁለት ሳምንቱ ሁለት ዓመት ሞልቶታል።»

«የዚያ ባለቤት አልከፈለኝም።»

«አንተስ ሠርተህለታል?»

መዶሻ ሳቀ፤ ዐይኑ ግን አልሳቀም። አጎንብሶ በመስኮት ወደ ውስጥ አየ። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ወንበር የማን ነው? የወንበር ሰፊዋ መኪና ወንበር ይሄ ነው? ስፖንጁ አፍ አውጥቶ እየተናገረ! እኔ የቀጠቀጥኩት ቆርቆሮ እንዲህ ቢሆን አገር ጥዬ እጠፋ ነበር።»

በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሰዎች ሰምተው ሳቁ። መርፌ በሌላ ነገር ቢነኳት ትመልስ ነበር። ይህኛው ግን እውነት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺን መኪና በመርፌ ጫፍ አልነካትም ብላ ምላ ነበር። ወንበሩ ተቀደደ፤ ይቀደድ። ሞተሩን ከእኔ ወስዷል፣ ወንበሩን ደግሞ ከሌላ ይውሰድ ብላ ነበር።

አሁን ግን መንገድ ዳር ሆና ሰው ሁሉ እያያት ነው። ሥራዋን የሚያውቁ ሰዎች በመስኮት አጎንብሰው ያን ጉድ ሊያዩት ነው። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። በማግስቱ ለራሷ ብላ ስታጠራቅመው የነበረውን ቡናማ ሰው ሠራሽ ቆዳ አወጣች። ከሥራ በኋላ በጋሼ ማሽን፣ በሁለት ቀን፣ ድርብ ስፌት አድርጋ አራቱንም ወንበር አለበሰች። አሮጌውን ማውጣት ጊዜ ስለሚፈጅ በላዩ ላይ ወጥራ ሰፋችው። አንድ ክር አልተንጋደደም። ጋሼ በጣቱ ዳሰሰና፣ «ይህን ለደንበኛ ብታደርጊው ኖሮ» ብሎ ተወው።

ሌላ ሰው ይህን ስህተት አይሠራም። ወንበር የማይሰፋ ሰው በተሰበረ መኪና ላይ አዲስ ወንበር አያስብም፤ ወንበር የሚሰፋ ሌላ ሰው ደግሞ የሰው መኪና እንጂ የራሱን አይሰፋም።

የመጀመሪያው ገዢ ከሚስቱ ጋር መጣ። ስብራቱን ዞሮ አየው፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ፤ ደስ አለው። ከዚያ በሩን ከፈተ። ፊቱ ተለወጠ።

«ወንበሩ አዲስ ነው» አለ።

«የእጄ ሥራ ነው» አለች መርፌ።

«መብራት እንኳን የላትም፤ ወንበሯ ለምን አዲስ ሆነ?»

«አሮጌው ተቀዶ ነበር።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ደውለን እንመጣለን ብለው ሄዱ። ሲሄዱ መዶሻ በር ላይ ቆም ብለው ሲያናግሩት አየች፤ መዶሻ ትከሻውን ወደ ላይ ሰበቀ። አልደወሉም። ሁለተኛው ገዢ መቀመጫው ላይ ሊቀመጥ እግሩን ካነሣ በኋላ መልሶ አወረደው። ሦስተኛው ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ አሻግሮ አይቶ፣ ሳይሻገር ተመለሰ። ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚሸሸው ምን ታይቶት ነው?

ነገሩን የነገረቻት ልጇ ናት። መድኃኒት ልትገዛ የመጣች ጎረቤት ነግራት ነው። «እማ፣ መኪናዋ ውስጥ ሰው ሞቶባታል እያሉ ነው። ደሙ ወንበሩ ላይ ፈሶ አልለቅ ስላለ ነው አዲስ ያለበሱት ይላሉ።»

መርፌ እጇ ላይ የነበረውን መቀስ አስቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ የስንቱን ቡትቶ ሸፍናለች! ነጋዴው መኪናውን ሊሸጥ ሲል መጀመሪያ ወንበር ነው የሚያለብሰው፤ እሷ ራሷ እየሰፋች፣ «ከስሩ ምን ይኖር ይሆን» ብላ የሳቀችባቸው ቀናት አሉ። አሁን በራሷ መኪና ላይ ይህን ሠርታ ቁጭ አለች።

ባሏ ሬዲዮኑን እያቃና ነበር። «ተጠግና ትሸጥ ብዬ ነበር» አለው ለሬዲዮኑ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረበት።

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው አንዲት ዳቦ አከፋፋይ መጣች። ወፍራም፣ ቀልጣፋ፣ ሽርጧን ሳትፈታ የምትሄድ ሴት ናት፤ ጎህ ሲቀድ ለሱቆቹ ሁሉ ዳቦ የምታደርስ። እሑድ ነበር፤ የመርፌ ባል ቤት ነው፤ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ጫማውን ይጠርጋል። መዶሻ ከማዶ የግቢውን በር መቃን ተደግፎ እጁን በጨርቅ ያብሳል። ልጅቷ ልብስ ታሰጣለች።

«ሰው ሞቶባታል አሉኝ» አለች አከፋፋይዋ፣ ደህና ዋልሽ እንኳን ሳትል። «ዳቦ ነው የምጭነው እህቴ። ደም ያለበት ላይ ዳቦ አልጭንም፤ እውነቱን ንገሪኝና ልሂድ ወይ ልግዛ።»

«ማነው ያለሽ?» አለች መርፌ።

ሴትዮዋ በአገጯ ወደ ማዶ አመለከተች።

«እኔ ምን አልኩ?» አለ መዶሻ እጁን ዘርግቶ። «ገዢ መጥቶ ይጠይቀኛል። በዚያ በኩል የተቀመጠው ሰው ምን እንደሆነ ባለቤቷን ጠይቁ ነው ያልኩት። ጠይቁ ማለት ነውር ነው እንዴ?»

«ሥራውን ስለከለከልኩህ ነው አይደል?»

«እኔ ሥራ ሞልቶኛል።»

«ሞልቶሃል፤ ሣር ሞልቶሃል።» መርፌ ወደ አከፋፋይዋ ዞረች። «በዚያ በኩል የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሞትኩትም እኔ ነኝ። ይኸውልሽ፣ ሬሳዋ ቆማ ታነጋግርሻለች።»

አከፋፋይዋ ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት። «አፍ ሁሉንም ይላል» አለች። «እኔ ከስሩ ያለውን ማየት ነው የምፈልገው።»

መርፌ ቤት ገብታ ምላጭ ይዛ ወጣች። ልጅቷ «እማ!» አለች፤ አልሰማቻትም። በባሏ በኩል ባለው በር ገብታ፣ ተሻግራ፣ የሁለቱንም የፊት ወንበር ድርብ ስፌት ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። ሁለት ቀን የፈጀ ሥራ ነበር፤ ለመፍታት ደቂቃ አልፈጀባትም። ክሩ ጠጥ ጠጥ ሲል ጋሼ ቢሰማ ያለቅስ ነበር። ልብሱን ከወንበሩ ላይ ገፍፋ መንገዱ ላይ ጣለችው።

«ነይ፣ እዪ! ሁላችሁም ኑ!»

አከፋፋይዋ አጎነበሰች። መዶሻም ሳይወድ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። ግራጫው አሮጌ ጨርቅ ተቀዳዶ፣ ስፖንጁ ወጥቶ ተጋልጧል። የሹፌሩ ወንበር ወደ ግራ ሰምጧል፤ ባሏ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደ በሩ ተጠግቶ ነው የሚነዳው። ሁለት የሲጋራ ቀዳዳ አለ። ከጎኑ ባለው ላይ ሰማያዊ የቀለም ጠብታ ይታያል፤ ልጅቷ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ ሳለች እስክሪብቶ ፈስሶባት ነው። ደም የለም።

አከፋፋይዋ በመዳፏ ዳሰሰች፤ አሸተተች። ቀና አለችና መዶሻን፣ «ሐሰተኛ» አለችው፤ እንደ ቁጣ ሳይሆን ዋጋ እንደምትጠራ ሴት። መዶሻ ወደ ግቢው ተመለሰ። ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም። በቀኝ በኩል ያለውን ስብራት አየች፣ መቀመጫውን አየች፣ መስታወቱን አየች።

«በዚህ በኩል የነበርሽው አንቺ ከሆንሽ» አለች፣ «ምሰሶው የመጣው ወደ አንቺ ነው። አላየሽውም?»

ባሏ ጫማውን መጥረግ አቆመ። ብሩሹ አየር ላይ ቀረ። ልጅቷ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። ይህ ጥያቄ በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ወር ሙሉ በልጅቷ አፍ፣ በሬዲዮኑ፣ በሳህኑ ሲጠየቅ ኖሯል፤ ፊት ለፊት የጠየቃት ግን ማንም አልነበረም።

መርፌ አላየሁም ልትል ትችል ነበር። ቀላል ነበር። ግን ሴትዮዋ እውነቱን ንገሪኝ ብላ ነው የመጣችው፤ ደግሞ ገና አሁን አንድ ውሸት በምላጭ ተርትራለች። ከሦስት ቀን በኋላ ማሽኑ ለሌላ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሷ ውስጥ አለፈ፤ ከሁሉ በላይ ግን ደክሟት ነበር።

«አይቼዋለሁ» አለች።

«ታዲያ?»

«አንነጋገርም ነበር።»

አከፋፋይዋ ወደ ባልየው ዞረች፤ መልሳ ወደ መርፌ ዞረች።

ባሏ ተነሣ። በርጩማው ተገለበጠ። «ሰማችሁ?» አለ ለመንገዱ፣ ለመዶሻ ግቢ፣ በመስኮት አንገቷን ላወጣችው ጎረቤት። «ሰማችሁ አይደል? ሠላሳ ዓመት ነድቼ አንድ ጭረት አላስነካሁም! አይታ ነው! በገዛ አፏ ተናገረች!» ከዚያ ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሚስቱ ዞሮ ተናገራት። «ለጥፋትሽ ጥፋቴ ብለሽ አታውቂም። ዛሬ አልሽ።»

«ማሽኔን ስትሸጥ አንተ ምን አልክ?» አለችው።

የባሏ ፊት እንደ ታጠበ ሰው በርቶ ነበር። ቤት ገብቶ ሊብሬውን አውጥቶ መጣና ለአከፋፋይዋ ዘረጋላት። «እንዳለች ውሰጃት። ዛሬ እፈርማለሁ። ያን ቆርቆሮ ግን አታስቃኚው፤ እንዲሁ ይታይ።»

«እኔ ቆርቆሮ አልበላም» አለች አከፋፋይዋ። «ሞተሩ ደህና ነው። መብራቱን ብቻ አስገባለሁ።» ጎንበስ ብላ መንገድ ላይ የወደቀውን ቡናማ ልብስ አነሣችና አራገፈችው። «ይህን ግን መልሰሽ ትሰፊልኛለሽ እህቴ። ያማረ ነገር ነው።»

ልጅቷ አንሶላውን በገመዱ ላይ ወረወረችው። «ፖስታ ቤቱ ዛሬ ተዘጋ» አለች፤ የሳቀላት አልነበረም።

መርፌ በድርሻዋ ማሽኑን ከጋሼ የገዛችው ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በማሽኑ መጀመሪያ የሰፋችው ያንኑ በምላጭ የተረተረችውን ልብስ ነበር። መልሳ ስትሰፋው ስፌቱ በመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ አልገጠመም፤ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ሁለት መሥመር ይታያል።

ባሏ የሠራተኛ ማመላለሻውን ይነዳል። ለተሳፋሪው ሁሉ ያን ታሪክ ይነግራል፤ በተናገረ ቁጥር ምሰሶው እየረዘመ፣ በረዶው እየገዘፈ፣ የእሷም ዝምታ እየረዘመ ይሄዳል። ጋራዦቹ ሰፈር ያለ ሹፌር ሁሉ ከበሯ ፊት የኋሊት ሲነዳ አንገቱን አውጥቶ፣ «እትዬ መርፌ፣ ካየሽ ተናገሪ እንጂ!» ይላታል። በመጀመሪያ ትሰድባቸው ነበር። አሁን ቀና ሳትል፣ «ግራህን ጠብቅ፣ ዕውር» ትላለች፤ እነሱም ግራቸውን ይጠብቃሉ። ሰማያዊዋ መኪና በየጠዋቱ ዳቦ ጭና ታልፋለች፤ አንድ መብራቷ አዲስ ነው፤ ቆርቆሮዋ እንደ ተጨማደደ ነው።

መርፌ አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከጎሚስታው፣ ከጎማ ጠጋኙ፣ ጎን አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከፊት በማሽኗ እየሠራች፣ ከኋላ ከመጋረጃው ጀርባ ትተኛለች። ልጇ እሑድ እሑድ ትመጣለች። መርፌና ባሏ ዛሬም አይነጋገሩም።